አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5

ሊጡን ደበደብኩት። እጄ እስኪዝል። አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ሳፈርጠው ሳህኖቹ ተንጫጩ። ባሌ ጥርሱን እየቦረሸ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ ተረኛው ማነው?" አለኝ። የቤታችን ቀልድ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ያቃጠለኝ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጥ ሆኖ እጄ ላይ ይወድቃል።

"ዳይሬክተሩ።"

"ውይ ምስኪን! ባለፈው ሳምንትም እሱ አልነበረ?"

"አልሞተማ!"

ሳቀና የጥርስ ሳሙናውን ሸሚዙ ላይ አንጠባጠበ። ልጄ ሚጣ ደግሞ ወንበር ላይ ቆማ በትንሿ ሊጧ የራሷን ተረኛ ታደቃለች። ማን እንደሆነ ብጠይቃት "አሻንጉሊቴ። ተኚ ስላት እምቢ አለች" አለችኝ። ገና ስድስት ዓመቷ። ከማን ተማረች? ከኔ ነዋ፣ ከማን ልትማር!

ሁለት ዳቦ ወጣልኝ። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሰኞ። ኦቭኑ ግን አመል አውጥቷል፤ ሲለው ያቃጥላል፣ ሲለው ይተኛል። ባሌ መካኒክ ነው። የሰው ሞተር አውርዶ፣ በትኖ፣ መልሶ ይገጥማል። የራሱን ቤት ኦቭን ግን "ነገ አየዋለሁ።" ይሄ ነገ የሚሉት ቀን መቼ ነው የሚውለው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ሁለቱ ሴት ተማሪዎቼ ዛሬ ታረቁ። ባለፈው ሳምንት ፀጉር ተጓትተው አንዷ የአንዷን ጉትቻ ከነሥጋው ገንጥላባት ነበር። ስፖርት አስተማሪው "ቲቸር ዳቦ፣ ዛሬስ ስንቱን አስታረቅሽ?" እያለ ሲያሽሟጥጠኝ ዋለ። ይሳቅ! እሱ የሚደባደቡትን እስኪያስታውካቸው ሜዳ ያስሮጣል፤ በነጋታው ደግመው ይደባደባሉ። እኔ ልጅ አልመታም። ወላጅም አልጠራም። ጠበኞቹን አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት። ከዚያ ሰኞ እረፍት ላይ ሌላው ተማሪ ሲወጣ እኔና እነሱ ብቻ እንቀርና ዳቦዬን አወጣለሁ። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል። ቆራጩ ካጭበረበረ ትንሿ ለራሱ ትቀራለች። ስለዚህ ማስመሪያውን አውጥቶ ይለካል፣ በዚያው በማስመሪያው ይቆርጣል። ትክክል ግማሽ። የሂሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ዳቦው ሲያልቅ ቂሙም አብሮ ያልቃል። እስከ ዛሬ ከሽፎብኝ አያውቅም።

ከሰዓት ደግሞ ሌላ ጉድ። ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው "በለው! በለው!" ሲሉ ደረስኩ። ሰባተኛ ክፍሎቼ ናቸው። መሐል ላይ ልጆቹ ሚስማርና በርሜል የሚሏቸው ሁለቱ። ሚስማር ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ምላሱ የሚዋጋ። በርሜል የባለሉካንዳው ልጅ፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ተነክቶ ተነክቶ አንድ ቀን የሚፈነዳ። ዛሬ ፈነዳ። ሚስማርን ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ከቧንቧው ጋር አጋጨው። አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ... ሦስተኛውን እኔ ደረስኩበት። የሚስማር የፊት ጥርስ ተሸርፏል። ደሙ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ቦዩን ይዞ ወረደ።

በርሜልን በክንዴ አጥብቄ ያዝኩት። ሚስማር ደሙን እንትፍ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እናትህ ለምን ጥላችሁ እንደጠፋች አሁን ገባኝ።" አፉን በመርፌ መስፋት ነበር!

ዳይሬክተሩ "ግረፊና አባሪያቸው" አለኝ። ልጅ አልመታም አልኩት። "እንግዲያው ዳቦ አብያቸዋ" ብሎ ሳቀ። አበላቸዋለሁ! የሚቀጥለው ሰኞ ያየኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጥኳቸው። በርሜል መሐላቸው ላይ በእስክሪብቶ ድንበር አሰመረ። ሚስማር ድንበሩን በክርኑ ተሻገረ። በርሜል የሚስማርን እርሳስ አንስቶ ቀጭ አደረገው። ምንም አይደል፤ የተሰበረው እርሳስ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ሥጋ ልገዛ ሉካንዳው ገባሁ። በርሜል ከትምህርት ቤት መጥቶ ወለል ያጥባል። አባትየው ሲያየኝ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ የተከሰከሰ አጥንት... ነጭ ሽርጡ ደም በደም።

"መምህርት! ይሄ ከብት አያስቸግርዎትም?" አለና የልጁን ማጅራት በመዳፉ አጮለው። ሰላም እንደማለት ነው የሚመታው። ልጁ ዞር እንኳን አላለም፣ መጥረጊያውን ብቻ ጠበቅ አደረገ።

"ኧረ ደህና ልጅ ነው" አልኩ።

"ደህና እንዲሆን ነዋ የምገርፈው።" ደግሞ አጮለው።

ምን አልኩ? ምንም። ሥጋዬን ይዤ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ስከትፍ እጄ ላይ ያለውን ቢላ አየሁትና... ቅዳሜ ተረኛው ባለሉካንዳው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ዳቦው ድንጋይ ሆነ! ኦቭኑ ዛሬ አበደ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ ሚጣ ሳል በሳል። ባሌ ከሥራ ሲመጣ "ነገህ ይኸውልህ!" ብዬ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ብወረውረው ነጥሮ ብርጭቆ ሰበረ። እሱም ጮኸ። "ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሜ እየዋልኩ..." እኔም ጮህኩ። ትሪውን አነሳሁ። ሰው ላይ አልወረወርኩም፤ በር ላይ ነው የወረወርኩት። በሩ ተሰነጠቀ። ሚጣ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የአሻንጉሊቷን ጆሮ በሁለት እጇ ደፍናላት ነበር። ያን ስናይ ሁለታችንም ጩኸቱን ተውነው።

ኋላ ባሌ ስባሪውን እየጠረገ ዳቦውን በጣቱ አንኳኳውና "ይሄ ለትምህርት ቤት ይሁን፣ የተጣላ ሁሉ በሱ ይፈነካከት" አለ። ሳልወድ ሳቅኩ።

ሌላ እንዳልጋግር ኦቭኑ አይታመን። ሰኞን መዝለል ደግሞ... ዳይሬክተሩ ሲስቅ ታየኝ። ቢቆረጥ ውስጡ ደህና ነው፣ ቅርፊቱ ብቻ ነው የጠነከረው። ማስመሪያ ይሰበራል እንጂ አይበሳውም። ጥርሳሙን የዳቦ ቢላ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ካልጻፍኩት አብዳለሁ።

እረፍት ላይ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ዳቦውን አወጣሁ። ቢላውን አወጣሁ። ዕጣ ጣልን፤ ቆራጭ በርሜል፣ መራጭ ሚስማር። በርሜል ቢላ ሲይዝ አባቱን ነው፣ እጁ ንቅንቅ አይልም። ለካ፣ ገዘገዘ፣ ትክክል ግማሽ አደረገው። "ጎበዝ!" አልኩት። ደስ ብሎኝ እኮ ነው!

ሚስማር ሁለቱን ቁራሽ አየ። አንዱን አንስቶ አሸተተና መለሰው። ሌላውንም አንስቶ መለሰው። ከዚያ መዳፉን ዴስኩ ላይ ዘርግቶ፣ "እናትህም እንዲህ አደረገች አይደል? አንተንም አየች፣ አባትህንም አየች፣ ሁለታችሁንም ትታ ሄደች" አለው።

ቢላው ሲወርድ አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት። እንጨት ላይ። የሚስማር እጅ ዴስኩ ላይ ተቸንክሮ ነበር።

ሚስማር ጮኸ... ያን ድምፅ ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ ማነው? ነቀልኩት። መንቀል አልነበረብኝም ይላሉ፣ ምን አውቄ! ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቢላው በመጣበት ፎጣ እጁን ጠቀለልኩት። በርሜል ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ "አልፈለግኩም ቲቸር፣ አልፈለግኩም ቲቸር..." ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ሚስማርን ተሸክሞት በረረ። ሁለቱ ግማሾች ደም ላይ ወድቀው ቀሩ።

ጅማቱ ተቆርጧል አሉ። የቀኝ እጁ። የሚጽፍበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። "ቢላው የኔ ነው" አልኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"እህቴ፣ ይሄን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማው። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ለልጅ ቢላ ሰጠች ተብሎ ነው ይሄ ትምህርት ቤት ስሙ የሚነሳው? አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ እኔም እባረራለሁ።"

ፖሊሱ ገባ። ቢላውን በላስቲክ ይዞታል። "የማነው?" አለ። እኔን እያየ ነው የጠየቀው። አፌን ከፈትኩ፤ እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ዳይሬክተሩ ቀደመኝ። "ያው የባለሉካንዳ ልጅ አይደል..." ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ፖሊሱም ራሱን ነቀነቀ። ለሁሉም ሰው ገባው፤ የሉካንዳ ልጅ፣ ቢላ። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠይቃል?

አፌን ዘጋሁት። ፈራሁ። ሚጣ መጣችብኝ፣ እስር ቤት መጣብኝ... ፈራሁ፣ በቃ።

ሰኞ የወላጆች ኮሚቴ ይሰበሰባል። በርሜልን ያባርሩታል። ስለት ይዞ የመጣ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤትም አይቀበለው። አባቱ ደግሞ... ኧረ ምን ውስጥ ነው የገባሁት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

አባትየው ልጁን እየጎተተ ግቢ ገባ። ሽርጡን እንኳን አላወለቀም። ባንዲራው ምሰሶ ሥር፣ ተማሪው ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ቀበቶውን ፈታ።

"የቱን ቢላዬን ነው የሰረቅከው? ተናገር! ከየት አመጣኸው?"

ልጁ ዝም። ቀበቶው ጀርባው ላይ አረፈ። ዝም። በዘለበቱ በኩል አዞረው። ዝም! እኔ መስኮቱን ይዤ... ተናገር፣ ልጄ፣ "የቲቸር ነው" በለው፣ አፍህ ምን ሆነ? አንድ ቃል ታድነዋለች፤ እሷንም ዋጣት።

በየት በኩል ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። መሐላቸው ስገባ አንዱ ግርፋት ክንዴ ላይ አረፈ። ዘለበቱ ሥጋዬን ይዞት ሄደ። ደሜ ፈልቶ የያዝኩትን የሰሌዳ ማስመሪያ፣ ያንን ረጅሙን እንጨት፣ ትከሻው ላይ ሰበርኩበት። እኔ! ልጅ የማልመታዋ፣ የማስታርቀዋ! ከመስኮቱ "በላት! በላት! በዪው!" የሚል ጩኸት መጣ። የራሴ ተማሪዎች ናቸው።

ዘበኛውና ስፖርት አስተማሪው ያዙት። በርሜል መሬት ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፣ በአንዱ ነው ያየኝ።

የድርሻዬን ግርፋት አገኘሁ። ክንዴ ላይ ቀበቶው ተጽፏል። ይገባኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ሆስፒታል ሄድኩ። የሚስማር እናት ልብስ ሰፊ ናት። ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ "እግዜር ይስጥልን መምህርት፣ ባይደርሱ ኖሮ ልጄ ደሙ ፈስሶ ያልቅ ነበር" አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። "ያ የሉካንዳ ውሻ ግን እስር ቤት ይበስብስ" አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... ራሴን ነቀነቅሁ። ነቀነቅሁ እኮ!

እናቱ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ሚስማር ጠጋ በይ ብሎ ጠቀሰኝ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ያክላል። ጥርሱ ተሸርፏል፣ ሲያወራ ያፏጫል።

"ቲቸር፣ አልተናገርኩም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ቢላውን። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ አላየሁም አልኩት። እሱም አልተናገረም አይደል?"

"ማን?"

"በርሜል።"

"አልተናገረም።"

"ጥሩ" አለና ዓይኑን ከደነ። "እኔም አልናገርም። ቲቸር ትባረራለች።"

ወጥቼ ሽንት ቤት ገባሁና ፎጣ ነክሼ ጮህኩ። ይኸው ታረቁልኝ! አንድ ዴስክ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዳቦ ያላስማማቸውን ልጆች የኔ ውሸት አስማማቸው። አንዱ በእጁ፣ አንዱ በጀርባው ከፍሎ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ባሌ ሳልነግረው ኦቭኑን ሠርቶታል። ማለዳ ተነስቶ፣ እጁን አቃጥሎ። ምን ይጠቅመኛል አሁን! አቅፌው አለቀስኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ዝም አይነቅዝም" አለኝ። "ዳይሬክተሩ ካለ... ሚጣን አስቢ።"

"ልጁስ?"

"የወጋው እኮ እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም!"

"ቢላውን ማን ሰጠው?"

"ኦቭኑን ማን አልሠራም?" ብሎ በተሰነጠቀው በር ላይ ቡጢውን አሳረፈ። ስንጥቁ እስከ ታች ወረደ። ከዚያ እጁን እያየ ቁጭ አለ። "እሺ። የፈለግሽውን አድርጊ። ብቻሽን ግን አትሂጂ።"

ሊጥ አላቦካሁም።

እሁድ፣ ጥቅምት 20

ብቻዬን ሄድኩ። ባሌን ይዤው ብሄድ ይጋደላሉ።

ሉካንዳው ዝግ ነበር፣ በጓሮ ገባሁ። አባትየው ቢላዎቹን ይስላል። በርሜል ጥግ ላይ አጥንት ይለቅማል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ቢላው የኔ ነው" አልኩ። ቆሜ ነው፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። "ልጅህ ከየትም አልሰረቀም። ከቤቴ አምጥቼ እጁ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ።"

የሚስለውን ቢላ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

"ለምን አልነገርከኝም? ስገርፍህ ለምን... ልገድልህ እኮ ነበር!"

ልጁ መሬት መሬት ያያል። አባትየው መጥረቢያውን አነሳ። ወደኔ መጣ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ግንዱ ጎተተኝ። ያንን ቀበቶ ያረፈበትን ክንድ ነው የያዘው፣ ቁስሉ ላይ።

"የዚያ ልጅ እጅ ተበሳ። የልጄ ጀርባ ተተለተለ። ያንቺስ እጅ? ያንቺ እጅ ምን ሆነ?"

እጄን ግንዱ ላይ ዘረጋሁት። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ራሴም አላውቅም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ግንዱ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ። መጥረቢያው ከፍ አለ።

"ቲቸርን አትንካት!"

በርሜል ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። መጥቶ ያንን ሰፊ ደረቱን በእጄና በመጥረቢያው መሐል ደፋው፣ ግንዱን አቀፈው። ተጣብቆ የነበረው ሸሚዝ ተላቀቀ፣ ጀርባው ደማ። አባትየው መጥረቢያውን ይዞ የልጁን ጀርባ አየው... ራሱ የሠራውን። ወረወረው። መጥረቢያው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቀረ። እሱም እዚያው አጥንቱ መሐል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"ሂጂ" አለኝ። "ነገ ይሄን እዚያ ካልተናገርሽ እመጣለሁ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ተናገርኩ። ኮሚቴው ፊት ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፣ ተረከዙን እያሽከረከረ። እግሬን ከጫማዬ አውጥቼ አሸሸሁና ተናገርኩ። ሙሉውን፤ ኦቭኑን፣ ቅርፊቱን፣ ፎጣውን፣ ዕጣውን። ለዳይሬክተሩም በነጋታው ነግሬው እንደነበር ጨመርኩ። "ዋሾ!" ብሎ ተነሳ። ወንበሩ ተገለበጠ።

የሚስማር እናት ምንም ሳትናገር ከኋላ ወንበር ተነስታ መጣች። ፊቴ ቆመች። በጥፊ አጮለችኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ደግማ። ሰዎች ሊይዟት ሲነሱ "ተዋት" አልኩ። እግዜር ይስጥልን ብላ እጄን የያዘችበት እጅ እኮ ነው። ይምታኝ።

በርሜል አይባረርም። እስከ ተርም መጨረሻ ይታገዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። እኔ አልመለስም። ፖሊስም ቃሌን እንደገና ተቀብሎ "ስንጠራሽ ትመጫለሽ" አለኝ።

ሁለተኛው ጥፊ ነው ያመመኝ። የመጀመሪያው አልተሰማኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ሐኪሙ ለሚስማር "ለስላሳ ነገር እየጨበጠ ጣቶቹን ካላሠራ ይደርቃሉ" ማለቱን ከዘበኛው ሰማሁ። ሊጥ አቡክቼ ይዤ ሄድኩ። እናቱ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ሊጡን ደጃፉ ላይ ትቼው ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ዛሬም ወሰድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝ። ተቀብላኝ ዓይኔ እያየ ቦይ ውስጥ ጣለችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ተቀበለችኝ። ምንም አላለችም። ከውስጥ የሚስማር ድምፅ "ቲቸር ናት?" ሲል ሰማሁ። "ማንም አይደለም" አለችው። ይሁን። ሊጡ ገብቷል።

እሁድ፣ ኅዳር 25

ዳይሬክተሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። እሱንም ከቦታው አንስተውታል። "አብረሽ ገደል ከተትሽኝ" አለኝና እግሬ ሥር ተፋ። ድሮ ቢሆን ቅዳሜ ተረኛው ይሆን ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 1

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የሚስማር እናት፣ ከነልጇ።

"ሊጡ ቶሎ ይደርቃል" አለች ሌላ ቦታ እያየች። "እዚሁ ይሥራ። ሰዓት ሲደርስ መጥቼ እወስደዋለሁ።" አልገባችም።

ሚስማር ገባና ቆመ። ቆሞ ቀረ። በርሜል ወጥ ቤት ውስጥ ነበራ! ከታገደ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂሳብ ላስጠናው ይመጣል፤ አባቱ ነው ራሱ በር ድረስ የሚያመጣው፣ ያም አይገባም። እናቱ ዛሬ ታመጣዋለች ብዬ መች አሰብኩ! መጀመሪያ ያየሁት የት የት ቢላ እንዳለ ነው። የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ዳቦ የምንበላው በእጃችን ገምሰን ነው።

ማንም ሰላም አልተባባለም። ሚስማር እጅጌውን በግራ እጁ ሰበሰበ። ቀኝ እጁ መሐል ላይ ጠባሳው ቀይ ነው። ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፉም፣ ሐኪሙም ላይታጠፉ ይችላሉ ብሎታል። ሊጡ ላይ አሳረፈው። ገፋ። ፊቱ በሕመም ተኮማተረ። ደግሞ ገፋ። ሊጡ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተትበታል፣ የሚይዝለት ሁለተኛ እጅ አጥቷል፤ በግራው እንዳይይዝ "በቀኙ ብቻ" ተብሏል። በርሜል ከማዶ ቆሞ ያን እጅ ያያል፣ ዓይኑን አይነቅልም። ሚጣ አሻንጉሊቷን አቅፋ ሁለቱንም ታያለች።

ባሌ፣ ያ የተረገመ ባሌ፣ ጥርሱን እየቦረሸ መጣ። ከልምዱ ነው፣ አፉ ቀደመው።

"ዛሬ ተረኛው ማነው?"

የባሌ ብሩሽ አፉ ውስጥ ቀረ። ሚጣ "የሚመታው ሰው ማለት ነው" ብላ ለልጆቹ አስረዳች። አንቺ ልጅ!

"እኔ ነኝ" አለ በርሜል። አንገቱን ደፍቶ።

ሚስማር ቀና ብሎ አየው። ብዙ አየው። ያ ምላሱ እንዳይመጣ፣ ያ ምላሱ... ጠረጴዛውን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ሊጥ ነው እኮ" አለው። በተሸረፈው ጥርሱ አፏጨ። "ና በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ ይንሸራተታል።"

በርሜል ሁለት ትልልቅ እጆቹን ዘርግቶ ሊጡን ያዘለት። ሚስማር ገፋ። ደግሞ ገፋ። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ጓደኛ አልሆኑም፣ አይሆኑም ይሆናል። ዳቦው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ወጣ። ሚስማር ገመሰው፤ እኩል አልሆነም። በርሜል ሳይለካ የቀረበለትን አነሳ።